ወይጦና ጎረቤቶቹ፦ በሐይቅ ዳር የኖረ የጋብቻ አጥር

ነገደ ወይጦ በጣና ሐይቅ ዙሪያ የሚኖር፣ ኑሮውን በውኃ ላይ የመሠረተ አነስተኛ ሕዝብ ነው። መንደሮቹ በባሕር ዳር ከተማና በአካባቢዋ፣ በደምቢያ፣ በአለፋና በሌሎችም የሐይቁ ዳርቻዎች ተበታትነው ይገኛሉ። ዓሣ ያጠምዳል፣ ከደንገል ታንኳ ይሠራል፣ ቅርጫት ይሰፋል፣ የወፍጮ ድንጋይ ይጠርባል። ቀድሞ ከሁሉ በላይ የሚታወቀው ግን በጉማሬ አደን ነበር። በስሙ ምክንያት በደቡብ ኦሞ ከሚፈሰው የወይጦ ወንዝና በዚያ ሸለቆ ከሚኖሩት ሕዝቦች ጋር አንዳንዴ ይምታታል፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው የስም መመሳሰል ብቻ ነው።

ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተኛ፣ ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሐይቅ ነው። ደሴቶቹን መነኮሳት ይዘዋቸዋል፤ ደጋውንና ሜዳውን ገበሬው ያርሰዋል፤ የዘጌ ሰዎች በቡናቸው ይኖራሉ። ወይጦ የኖረው በእነዚህ መካከል በቀረው ቦታ፣ ውኃው ሲሞላ ሐይቅ ሲጎድል ረግረግ በሚሆነው ዳርቻ ላይ ነው። የሚያርሰው ርስት አልነበረውም፤ ርስት ቆጥሮ የሚወርስበት ዘርም በአካባቢው ባላባት ዘንድ አልተቆጠረለትም። ከዚህ ሁሉ ጋር አንድ ልማድ አብሮት ኖረ፤ ወይጦ የሚያገባው ወይጦን ነው፤ ጎረቤቱም ከወይጦ አይጋባም። ይህ ዝግ ጋብቻ እንዴት እንደ ተጀመረ፣ በሰዎች ደም ውስጥስ ምን ምልክት እንደሚተው መመርመር ከጣና አልፎ የኢትዮጵያን ባለሙያ ማኅበረሰቦች ታሪክ በሙሉ የሚነካ ጥያቄ ነው።

የአጥሩ መነሻ ማዕድ ነበር። በሰሜን ኢትዮጵያ ሥጋ የሃይማኖት ድንበር ነው፤ ክርስቲያኑ እስላም ያረደውን፣ ሙስሊሙም ክርስቲያን የባረከውን አይበላም። ጉማሬ ደግሞ በሁለቱም ዘንድ እርም ነው። ክርስቲያኑ በኦሪቱ ሕግ መሠረት የማያመሰኳ እንስሳ አይቀምስም፤ የአካባቢው ሙስሊምም ያንኑ ሥጋ ይጸየፋል። ወይጦ ራሱን ሙስሊም ብሎ ይጠራ ነበር፤ ሆኖም ጉማሬ ስለሚበላና ለዓባይ መሥዋዕት ስለሚያቀርብ ሙስሊም ጎረቤቱ እንደ ሙሉ ወንድም አልተቀበለውም። ከሁለቱም ማዕድ የተገለለ ሕዝብ ከሁለቱም ድግስ ይቀራል፤ ድግስ የማይቋደሱ ቤተሰቦች ደግሞ ልጅ አይሰጣጡም። በዚህ ላይ ቡዳ የሚለው ፍርሃት ተጨመረበት። አንጥረኛውን፣ ሸክላ ሠሪዋንና ቆዳ ፋቂውን ያገኛቸው ስም ለዓሣ አጥማጁም ደረሰው።

ገበያው ግን ከዚህ አጥር በላይ ያልፍ ነበር። የጉማሬ ቆዳ ለጋሻና ለአለንጋ ይፈለጋል፤ ጥርሱ ይሸጣል፤ ወይጦ የጠረበው ወፍጮ በገበሬው ቤት እህል ይፈጫል፤ ዓሣው በጾም ወራት ገዢ ያገኛል። ወይጦን ቤቱ የማያስገባ ባለርስት ወይጦ በጠረበው ድንጋይ የተፈጨ ዱቄት ይበላ ነበር። ስለዚህ የወይጦ መገለል ከሰው ርቆ በመኖር የመጣ አይደለም። ዕለት ዕለት እየተገናኙ፣ እየተገበያዩ፣ በኋላም በአንድ ቋንቋ እየተነጋገሩ የኖሩ ሰዎች በአንድ ነገር ብቻ ተለያይተው ኖሩ፤ እርሱም ጋብቻ ነው። የዘረመል ተመራማሪን የሚስበውም ይኸው ነው። ተራራና በረሃ ያልለያቸውን ሰዎች ልማድ ብቻውን ምን ያህል ሊለያቸው እንደሚችል እዚህ መለካት ይቻላልና።

ስለ ወይጦ ከተጻፉት ቀደምት መረጃዎች አንዱ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ዓ.ም. ካልተባለባቸው በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ተጓዥ ጄምስ ብሩስ የወይጦ ቋንቋ ከአገሩ ቋንቋዎች ሁሉ ፈጽሞ የተለየ መሆኑን ጽፏል። ስለ ቋንቋው ለማወቅ ንጉሡን ለምኖ ሁለት ወይጦዎች አስጠራ፤ ሰዎቹ ግን በስቅላት ቢያስፈራሯቸው እንኳ አንድም ነገር አልመለሱለትም። ይህን ታሪክ የወይጦን ግትርነት ለማሳየት የሚጠቅሱት አሉ። ይልቅ የሚያሳየው በቤተ መንግሥት ፊት የቆመ ወይጦ ምን ዓይነት ፍርድ ይጠብቀው እንደ ነበር ነው።

በ1907 ጀርመናዊው ኦይገን ሚትቮኽ ስለ ወይጦ ሲጽፍ ሁሉም አማርኛ ተናጋሪዎች ሆነዋል። በ1928 በአካባቢው ያለፈው ፈረንሳዊ ማርሴል ግሪዮል የቀድሞውን ቋንቋ ዱካ ያገኘው በአንድ ዘፈን ውስጥ ነበር፤ ዘፋኙ ራሱ ትርጉሙን አያውቀውም፤ የሚያውቃቸው ጥቂት ቃላት የጉማሬ አካላት ስሞች ብቻ ነበሩ። ግሪዮል ከሰበሰባቸው ቃላት ውስጥ የቋንቋ ሊቁ ማርሴል ኮኸን በ1939 ምንጫቸው የማይታወቅ ብሎ የለያቸው ስድስት ብቻ ናቸው። ከስድስቱ ሁለቱ የጉማሬን ጭንና አከርካሪ፣ አንዱ ደግሞ የዓሣን ቅርፊት ይሰይማሉ። የቀሩት የወይጦ ልዩ ቃላት ባዕድ እንዳይሰማ ተብለው የተጣመሙ የአማርኛ ቃላት፣ ከኩሽ ቋንቋዎች የመጡ ጥቂት ቃላትና ከእስልምና ጋር የገቡ ዓረብኛዎች ነበሩ። ቋንቋው ሲሞት እስከ መጨረሻ የቆየው የአዳኙ መሣሪያ የሆነው ክፍል መሆኑ ሙያው ከማንነቱ ጋር ምን ያህል ተቆራኝቶ እንደ ነበር ይመሰክራል።

ስለ ወይጦ አመጣጥ ሁለት ሐሳቦች ሲፎካከሩ ኖረዋል። አንደኛው ወይጦን የጥንት አዳኝ ሕዝብ ቅሬታ ያደርገዋል፦ ከገበሬዎቹ በፊት በሐይቁ ዳር የነበረ፣ በኋላ መጤዎች የከበቡት። ሁለተኛው መለያየቱን በሙያ ያመጣዋል፦ ከአንድ ሕዝብ የተወለዱ ሰዎች ከፊሎቹ የተናቀ ሥራ ስለያዙ ተገለሉ፣ በጊዜ ብዛት ሌላ ዘር መሰሉ። ማኅበረሰቡ ራሱ ደግሞ መነሻውን ከዓባይ ጋር ያያይዛል፤ ከግብፅ ወንዙን ተከትሎ እንደ መጣ የሚናገሩ አሉ። የጠፋው ቋንቋ የመጀመሪያውን ሐሳብ የሚደግፍ ይመስላል። ነገር ግን ቋንቋ ከሰው ወደ ሰው ያለ ልጅ መውለድ ይሻገራል፤ ወይጦ ራሱ ከ140 ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ቋንቋውን ለውጦ ጋብቻውን ሳይለውጥ ቀርቷል። በቋንቋ ብቻ የትውልድ ሐረግን መፍረድ የማይቻለውም ለዚህ ነው።

በጣና ተፋሰስ እንዲህ የኖረው ወይጦ ብቻ አልነበረም። ከሐይቁ በስተ ሰሜን በጎንደር ዙሪያ ቤተ እስራኤል ብረት ይቀጠቅጡ፣ ሸክላ ይሠሩ ነበር፤ እነርሱም በመካከላቸው ብቻ ይጋቡ ነበር። በደቡብ ሐይቆችም ተመሳሳይ ታሪክ አለ። በዝዋይ ሐይቅ ደሴቶች በቱሉ ጉዶ፣ በጸደቻና በሌሎቹ የዛይ ሕዝብ ዓሣ እያጠመደ፣ እየሸመነና ቁልቁለቱን እየደለደለ እያረሰ ኖሯል። ዛዮች የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ቋንቋቸው ከስልጢኛና ከሐረሪ ጋር የሚዛመድ ሴማዊ ቋንቋ ነው፤ በሐይቁ ዙሪያ ያሉት ጎረቤቶቻቸው ግን ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ናቸው። እነርሱን የለየው ንቀት ሳይሆን መሸሸጊያ ፍለጋ ነበር፤ ትውፊታቸው በመከራ ዘመን ታቦት ይዘው ወደ ደሴቱ የገቡ አባቶችን ይጠቅሳል።

በአባያ ሐይቅ በጊዲቾ ደሴት ደግሞ ሁኔታው ከዚህ ይጠብባል። በአንዲት ደሴት ላይ ሁለት ሕዝቦች ይኖራሉ፤ ባይሶ የሚባሉት የምሥራቅ ኩሽ ቋንቋ ይናገራሉ፣ በሽመናና በእርሻ ይታወቃሉ፤ ሐሮ የሚባሉት ኦሞቲክ ቋንቋ ተናጋሪዎች ሲሆኑ ዓሣ አጥማጅ፣ ጀልባ ሠሪና ጉማሬ አዳኝ ነበሩ። በጫሞ ሐይቅ ደሴት የነበሩት የጋንጁሌ ሰዎችም የሐሮን ቋንቋ የቅርብ ዘመድ ይናገራሉ፤ በኋላ ከደሴታቸው ወጥተው በአርባ ምንጭ አጠገብ ሰፍረዋል። ኢትዮጵያ ውስጥ ስለ ዓሣ አጥማጆች ሲነገር እንደ አንድ ዓይነት ሰው ማየት ትልቅ ስሕተት ነው። ዛይ በእምነቱ፣ ወይጦ በምግቡ፣ ሐሮ በሙያው ተለይቷል፤ የሦስቱም ልጆች ግን በጠባብ ክበብ ውስጥ ተዳሩ።

ጠባብ ክበብ በዘረመል ላይ የሚያደርሰውን ለማየት አማራው ራሱ የሚያውቀውን ሰባት ቤት መቁጠርን መነሻ ማድረግ ይቻላል። በክርስቲያኑ ልማድ ተጋቢዎች እስከ ሰባተኛው ትውልድ የጋራ አያት ሊኖራቸው አይገባም። አንድ ሰው ወደ ኋላ ሰባት ትውልድ ሲቆጥር 128 ቅድመ አያቶች ይኖሩታል፤ ለሁለት ተጋቢዎች 256። ሰፊ በሆነው ገበሬ ዘንድ ሁሉም የተለያዩ ሰዎች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ሽማግሌዎቹ ዘር ቆጥረው ሌላ ወረዳ ሄደው ሙሽራ ይፈልጋሉ። በጥቂት መቶ ሰዎች መካከል ግን 256 የማይደጋገሙ ቅድመ አያቶች ማግኘት ዘበት ነው። ዝግ ማኅበረሰብ ዘመድ ላለማግባት ቢጠነቀቅ እንኳ ሁሉም በአንድ ወይም በሌላ መንገድ ዘመድ ሆኖ ይገኛል። ጎረቤቱ ሰባት ቤት እየቆጠረ ጋብቻውን ወደ ውጭ ሲዘረጋ፣ ያው ጎረቤት በሩን የዘጋበት ወይጦ ወደ ውስጥ እንዲጋባ ተገደደ።

እያንዳንዱ ወላጅ ከያዛቸው ሁለት የጂን ቅጂዎች ለልጁ የሚያስተላልፈው አንዱን ነው፤ የትኛው እንደሚተላለፍ ዕድል ይወስነዋል። በትልቅ ሕዝብ ዕድል ራሱን ያካክሳል፤ በትንሽ ሕዝብ ግን አንዱ ቅጂ በአጋጣሚ ይበዛል፣ ሌላው ይጠፋል። ስሌቱ ይህን ይመስላል። 100 ወላጆች ብቻ ያሉት ፈጽሞ የተዘጋ ማኅበረሰብ በየትውልዱ የዘረመል ብዝኃነቱን ግማሽ በመቶ ያጣል፤ በ20 ትውልድ፣ ማለትም በ500 ዓመት ገደማ፣ ወደ 10 በመቶ ያህል ይጠፋበታል። ወላጆቹ 50 ከሆኑ ጥፋቱ በዚያው ጊዜ 18 በመቶ ይደርሳል። 10,000 ወላጆች ያሉት ጎረቤት ግን በዚያው ዘመን የሚያጣው ከሺህ አንድ ያህል ብቻ ነው። ትንሹ ሕዝብ ከጎረቤቱ የሚለየው አዲስ ነገር ስላገኘ አይደለም፤ የነበረውን ስለጣለ ነው።

አጥሩ ትንሽ ሲከፈት ግን ውጤቱ ፈጥኖ ይቀለበሳል። አሜሪካዊው ሴዋል ራይት በ1931 ባወጣው ስሌት መሠረት በየትውልዱ አሥር ያህል ሰዎች ከጎረቤት እየገቡ ልጅ ከወለዱ በሁለቱ ማኅበረሰቦች መካከል የሚቀረው ልዩነት እጅግ ያንሳል። ስለዚህ ጎልቶ የሚታይ የዘረመል ልዩነት በጎረቤታሞች መካከል ሲገኝ አጥሩ በልማድ ብቻ ሳይሆን በተግባርም የጸና እንደ ነበር ማስረጃ ይሆናል።

ከሁለቱ የአመጣጥ ሐሳቦች የትኛው እንደሚያመዝን ከሁሉ በላይ ያሳየው ጥናት የተካሄደው በዓሣ አጥማጆች ላይ ሳይሆን በደቡብ ኦሞ በአሪ አንጥረኞች ላይ ነው። የአሪ አራሾችና የአሪ አንጥረኞች በአንድ አገር ይኖራሉ፣ አንድ ቋንቋ ይናገራሉ፣ ግን አይጋቡም። በ2012 ሉካ ፓጋኒና ባልደረቦቹ የኢትዮጵያን ሕዝቦች ዘረመል ሲያጠኑ የሁለቱ አሪዎች ልዩነት ጎልቶ ታየ። ሰዎችን በመመሳሰላቸው የሚመድበው የኮምፒውተር ዘዴ አንጥረኞቹን ለብቻቸው አስቀመጣቸው፤ የጥንት አዳኞች ቅሬታ ናቸው የሚለው ሐሳብም የተረጋገጠ መሰለ። በ2015 ግን ሉሲ ቫን ዶርፕና ባልደረቦችዋ፣ ከእነርሱም መካከል ኢትዮጵያውያኑ እንዳሻው በቀለና አየለ ታረቀኝ፣ ያንኑ መረጃ በሌላ መንገድ መረመሩት። በቅርብ ዘመን በመጥበብ የመጣውን መመሳሰል ለይተው ሲያወጡት፣ ሁለቱ አሪዎች ከሌሎች ሕዝቦች ጋር ያላቸው ዝምድና አንድ ሆኖ ተገኘ። አራሹና አንጥረኛው ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ የጋራ አባቶች ነበሯቸው። አንጥረኞቹን ሌላ ዘር ያስመሰላቸው መገለላቸው፣ በመገለላቸውም የመጣው የቁጥር ማነስ ነው።

የዚህ ግኝት ክብደት በቀላሉ አይታይም። ለዘመናት ባለሙያው የተናቀው በዘሩ ነው ሲባል ኖሯል፤ ዘረመሉ ሲመረመር ቅደም ተከተሉ ተገላቢጦሽ ሆነ። ንቀቱ ቀደመ፣ ልዩነቱ ተከተለ። በዚያው በ2015 በጋሞ ተራሮች በሞጣ ዋሻ የተገኘው የ4,500 ዓመት አጽም ዘረመል ሲታተም፣ ዛሬ ካሉት ሕዝቦች ለእርሱ ይበልጥ የቀረቡት አሪዎች ሆኑ። በጣና አካባቢም ከዚህ ጋር የሚስማማ ማስረጃ ቀደም ብሎ ታይቷል፤ በ2010 ዶሮን ቤሃርና ባልደረቦቹ የዓለምን አይሁዳውያን ሲያነጻጽሩ ቤተ እስራኤል የተመደቡት ከሩቅ አይሁዳውያን ጋር ሳይሆን ከኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ነበር። በ2021 ደግሞ 1,214 ኢትዮጵያውያንን ከ68 ብሔረሰቦች የመረመረው ጥናት መልክዓ ምድርን፣ ከፍታን፣ ቋንቋንና ባህልን ለያይቶ ሲመዝን፣ ተመሳሳይ ባህል ያላቸው ሕዝቦች በአማካይ በዘረመልም እንደሚቀራረቡ አሳየ። ባህል ማን ከማን እንደሚወልድ ይወስናል፤ መወሰኑም በደም ውስጥ ይመዘገባል።

የአሪን ፍርድ እንዳለ ወስዶ ወይጦ ላይ መለጠፍ አይገባም። አሪዎች ሁለቱም አንድ ቋንቋ ነበራቸው፤ ወይጦ ግን ቢያንስ እስከ ብሩስ ዘመን የራሱ ቋንቋ ነበረው፤ ይህም ከገበሬው የተለየ ጥንታዊ መነሻ ሊኖረው እንደሚችል የሚጠቁም እውነተኛ ማስረጃ ነው። ሆኖም የአሪ ጥናት አንድ ነገር ለዘለቄታው አስተምሯል፤ አንድ ማኅበረሰብ በምርመራ ውጤት ለብቻው ስለ ወጣ ብቻ የሌላ ዘር ቅሬታ ነው ማለት አይቻልም። ይህ ጥንቃቄ በውጭ አገር ላሉ ኢትዮጵያውያንም ይጠቅማል። በአሜሪካ በጆርጂያ ግዛት በአትላንታና በአጠገቧ በክላርክስተን የሚኖር ሰው ምራቁን በፖስታ ልኮ የዘር ሐረጉን ሲያስመረምር የሚደርሰው በመቶኛ የተከፋፈለ ሰንጠረዥ የመመሳሰል ምድብ ነው፤ የአባቶቹን ታሪክ በራሱ አይናገርም።

አትላንታ በዚህ ጉዳይ የምትጠቀሰው በዚህ ብቻ አይደለም። ከከተማዋ በመኪና የአራት አምስት ሰዓት መንገድ ርቆ በጆርጂያ የባሕር ዳርቻና ደሴቶች የጉላ ጊቺ ሕዝብ ይኖራል። በሩዝና በጥጥ እርሻዎች በባርነት የሠሩ አፍሪካውያን ልጆች ሲሆኑ፣ ከነጻነት በኋላ በእጃቸው በሠሩት መረብ ዓሣና ሽሪምፕ እያጠመዱ፣ ኦይስተር እየለቀሙ ኖረዋል። ሎሬንዞ ዳው ተርነር በ1949 ባሳተመው ጥናት በንግግራቸው ውስጥ የአፍሪካ ቋንቋዎችን ሰፊ ቅርስ አሳይቷል። ወይጦን ልማድ ሲለየው እነርሱን የለያቸው ባሕርና ሕግ ነው። በጆርጂያ በነጭና በጥቁር መካከል የሚደረግን ጋብቻ የሚከለክል ሕግ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ ነበር። በ1927 አትላንታ ላይ የተቀመጠው የግዛቲቱ ምክር ቤት የነዋሪዎችን ዘር በመዝገብ የሚያስጽፍ ሕግ አወጣበት፤ ክልከላው የወደቀው የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1967 በሰጠው ውሳኔ ነው።

በ2001 የታተመ ጥናት በአጎራባቿ በደቡብ ካሮላይና የጉላ ሰዎች የአውሮፓ የዘር ድርሻ በአማካይ 3.5 በመቶ ብቻ መሆኑን አገኘ፤ ወደ መሐል አገር ባለችው በኮሎምቢያ ከተማ ያሉት ጥቁር አሜሪካውያን ግን 17.7 በመቶ ነበራቸው። ይህ ቁጥር ሕጉ የጋብቻን በር እንጂ የመውለድን በር እንዳልዘጋ ያሳያል። ጥናቱ ድርሻው ይበልጥ በወንዶች በኩል የገባ መሆኑን አመልክቷል፤ ጌታው በባርነት ከያዛት ሴት የወለደው ልጅ ከእናቱ ወገን ተቆጠረ። በደሴቶቹ ነጮች ጥቂት ስለ ነበሩ ይህ ግፍ በዘረመል የተወው አሻራ አነሰ። እንግዲህ አጥር ሁልጊዜ በሁለቱም ወገን እኩል አይዘጋም፤ ኃይል ያለው ወገን ሲፈልግ ያልፈዋል። ጉላዎችም እንደ ወይጦ ዳርቻቸውን ለማጣት ተጋልጠዋል። የጆርጂያዋ ሃሪስ ኔክ ዓሣ አጥማጅ ቤተሰቦች በ1942 መሬታቸው ለጦር አውሮፕላን ማረፊያ ተወሰደ፤ በ1962 ቦታው የዱር እንስሳት መጠለያ ሆነ እንጂ አልተመለሰላቸውም።

በሌላው ዓለምም አንድ ዓይነት መረብ የሚጥሉ ሰዎች በጋብቻ ተለያይተው ይገኛሉ። በሕንድ በፑሪ የባሕር ዳርቻ ቴሉጉ ተናጋሪዎቹ ቫዳባሊጃና ጃላሪ ጎን ለጎን ሰፍረው፣ በአንድ ባሕር እያጠመዱ፣ ልጆቻቸውን በየወገናቸው ይድራሉ። በሆላንድ ደግሞ ካቶሊካዊቷ የፎለንዳም መንደር በፕሮቴስታንቶች ተከብባ ለዘመናት በመካከሏ ተጋባች። የዚያ ዋጋ በሕክምና ታየ፤ ከሁለቱም ወላጅ የተበላሸ ቅጂ ሲወረስ የሚከሰቱ አራት ከባድ የዘር በሽታዎች በመንደሯ ከሌላው አገር በልጠው ይገኛሉ። ከ2012 ጀምሮ ለማርገዝ የሚያስቡ ጥንዶች አስቀድመው የሚመረመሩበት ክሊኒክ ተከፍቶላቸዋል። ምርመራው የተሳካው የመንደሯ ሰዎች ራሳቸው ስለፈለጉት፣ በውጤቱም ማንም ስላልናቃቸው ነው። በተናቀ ሕዝብ ዘንድ ግን እንዲህ ያለ ምርመራ አዲስ የስድብ ምንጭ እንዳይሆን ብዙ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ከዚያው ከሆላንድ ሌላዋ ዝግ የዓሣ አጥማጆች መንደር ኡርክ ከጣና ጋር ቀጥተኛ ታሪክ አላት። ኡርክ እስከ 1939 ደሴት ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ በግድብ ከየብስ ተያያዘች። የመንደሯ አብያተ ክርስቲያናት ያቋቋሙት የእርዳታ ድርጅት ከሌላ የሆላንድ ድርጅት፣ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንና ከመንግሥት የዓሣ ሀብት መሥሪያ ቤት ጋር ሆኖ በ1986 በጣና የሞተር ጀልባና የናይሎን መረብ አስገባ። እስከዚያ ድረስ የሐይቁ ዓሣ በአብዛኛው በታንኳ ለሚወጡት ሰዎች የተተወ ነበር። ሞተሩ ከዳርቻ ርቆ መሐል ሐይቅ ማጥመድን አስቻለ፤ ቆሮሶና አምባዛ ወደ ከተማ ገበያ በብዛት መጫን ጀመረ፤ ሥራው ገቢ ሲያመጣ ንቀቱ ላላ፣ ሌላውም ሰው ዓሣ አጥማጅ ሆነ። ወይጦ ግን ሙያው ሲከበር ከክብሩ ብዙ አልደረሰውም፤ ሞተርና መረብ ለመግዛት ገንዘብ ያስፈልግ ነበር።

የወይጦ አሮጌ ኑሮ ከዚያም በፊት መናጋት ጀምሮ ነበር። የጉማሬ አደን በ20ኛው ክፍለ ዘመን በመንግሥት ተከለከለ፤ ጉማሬውም ተመናመነ። አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ተመራማሪ ፍሬድሪክ ጋምስት ወይጦ ከአዳኝነት ወደ ገበሬነት ሲሸጋገር የነበረውን ሂደት መዝግቧል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ርስት ላልነበረው ሰው በመሬት የመጠቀም መብት በሕግ ሰጠ። ጉማሬ መብላት ሲቀር በሙስሊሙ ዘንድ የነበረው እርም ተነሣ፤ ወይጦም ወደ ተለመደው እስልምና ይበልጥ ቀረበ። የአጥሩ መነሻ የሆነው ማዕድ ከጠፋ ሁለት ትውልድ ቢያልፍም ከአማራው ጋር ያለው ጋብቻ ግን ዛሬም ብርቅ ነው።

አሁን ወይጦን የሚያስጨንቀው ዳርቻው ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ በዓባይ መውጫ ላይ የተሠራው የጨራጨራ ግድብ የሐይቁን ውኃ መሙላትና መጉደል ለወጠ፤ ከ2010 ጀምሮ የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ውኃውን በሌላ አቅጣጫ ይወስዳል። ውኃው የሸሸበት መሬት ይታረሳል፣ ደንገሉም እየተነቀለ ይጠፋል። ከ2011 ወዲህ እንቦጭ የሐይቁን ሰሜንና ምሥራቅ ዳርቻ ወርሯል። ባሕር ዳር ስትሰፋ በሐይቁ አፋፍ የነበሩ የወይጦ መኖሪያዎች ለሌላ ልማት ተፈልገው ነዋሪዎቹ ከውኃው እንዲርቁ ተደርጓል። ደንገል የሚቆርጥበት ያጣ ታንኳ ሠሪ ቀን ሠራተኛ ይሆናል፤ ሴቶቹ ቅርጫት ሰፍተው ለቱሪስትና ለገበያ ያቀርባሉ፤ ልጆቹ ከሌሎች ልጆች ጋር በአንድ ክፍል ይማራሉ።